ከኮዬ ፈጬ እስከ ጤና ትምህርት ቤት በር፦ ለመግቢያ ፈተና እንዴት እንዘጋጅ?

ማስታወቂያው «ፈተናው 8፡30 ይጀምራል» ይላል። የእህቴ ልጅ ጠዋት ተረጋግቶ ተነሳ፣ ቁርሱን በላ፣ ሸሚዙን ተኮሰ። ረፋድ ላይ ከኮዬ ፈጬ ወጣ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሊፈተን ነው ሐሳቡ። ኮሌጁ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው አየት አደረገውና «የኔ ልጅ፣ ተፈታኞቹ እኮ ጠዋት ገብተው ወጡ» አለው። ሰዓቱ ለካ የፈረንጅ ነው። በእኛ ጠዋት 2፡30።

ልጁ ባዮሎጂ ላይ የሚቀልድ አልነበረም። ሌሊቱን ሁሉ የሚቸክል ልጅ ነው። ያ ኮሌጅ ግን በዚያ ዓመት አመለጠው። እኔም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆንኩት በሁለተኛ ሙከራዬ ስለሆነ ነገሩ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ የብሎካችንን ልጆች ለጤና ትምህርት ቤት ፈተና ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። ከነሱ ጋር የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። የምጽፈውም እንደኛ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ነው፤ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። መሀል ከተማ ያለ ልጅ ግማሹን ሊዘለው ይችላል።

መጀመሪያ፦ የትኛውን ፈተና እንደምትፈተኑ ለዩ

«የሜዲሲን ፈተና» የሚባል አንድ ፈተና የለም። በሮቹ ብዙ ናቸው።

ትልቁ በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ማትሪክ የሚሉት። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲቲዩድ ይፈተናል። ወንፊቱ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። «ኮሌጁ የራሱ ፈተና አለው፣ ማትሪኩን በመጠኑ ልለፈው» የሚል ልጅ ስለሚያጋጥመኝ ነው። ማትሪኩ ካልተያዘ ለዲግሪ የሚያስገቡት ሌሎቹ በሮች አይከፈቱም።

ሁለተኛው በር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የቅድመ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ ጥቁር አንበሳ መማር የምትፈልጉ በብሔራዊ ፈተናው ላይ ይህንንም ጨምሩ።

ሦስተኛው የሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መንገድ ነው። እዚያ የተመደበ ልጅ መጀመሪያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ይማራል። ሕክምና፣ ፋርማሲ ወይም ሌላ የጤና ትምህርት የሚገባው በፍሬሽማን ውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ብዙ ልጅ ግቢ ከገባ በኋላ «አለቀ» ብሎ ይዝናናል። ዋናው ፈተናው ያኔ እንደተጀመረ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ከዚያ የግል የሕክምናና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉ። ብዙዎቹ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ፤ ቃለ መጠይቅ የሚጨምሩም አሉ። በቴክኒክና ሙያ መስመር በደረጃ የሚሰጡ የጤና ሙያዎችም አሉ። የነዚህ መግቢያ መስፈርት በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከዘንድሮው ማስታወቂያ ላይ ብቻ አንብቡ። «አምና እንዲህ ነበር» የሚል ጎረቤት አይመራችሁ።

አሁን አንድ ወረቀት አውጡ። የምትፈተኑትን እያንዳንዱን ፈተና ጻፉ። ከጎኑ የምዝገባ መዝጊያ ቀን፣ የፈተና ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሚጠየቅ ሰነድ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። ሰዓቱንም እንደዚያው፤ «ጠዋት 2፡30፣ በፈረንጅ 8፡30» ብላችሁ። ካልገባችሁ ደውላችሁ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ወይም በሩ ጀርባ ለጥፉት። ቤተሰብ ሁሉ እንዲያየው ነው፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሳል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ አጭር ነው። ከከተማው ዳር በየሕንፃው ፎቅ ላይ የኮሌጅ ታፔላ ይታያል። የመመዝገቢያ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አጣሩ። ዕውቅናው ለዚያ ቅርንጫፍና ለዚያ የትምህርት ዘርፍ መሆኑን ጨምራችሁ እዩ። አንድ ኮሌጅ ለነርሲንግ ፈቃድ ስላለው ለፋርማሲም አለው ማለት አይደለም።

ሳታጠኑ ተፈተኑ

አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «እቴ፣ መጽሐፉን ሁሉ ሁለት ጊዜ ጨርሳለች። ምን ቀራት ብለሽ ነው?» አለችኝ። ልጅቷን አስቀመጥኳትና የቆየ የባዮሎጂ ፈተና ሰጠኋት። ሰዓት ያዝኩ። ከ100 ጥያቄ 61 ላይ ስትደርስ ሰዓቱ አለቀ። ከሠራቻቸው ውስጥ የሳተቻቸውን ስናይ ደግሞ አብዛኛውን ታውቀዋለች። መልሱን ስነግራት «ውይ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» ትላለች።

ችግሩ ያ ነው። አንብቦ ማወቅና ጥያቄ ላይ ማውጣት ይለያያሉ። መጽሐፍ ደግሞ ስታነቡት የምታውቁት ይመስላችኋል፤ ገጹ ፊታችሁ ስለሆነ ነው። ክደኑትና በራሳችሁ ቃል ጻፉት፤ ያኔ ይለያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማንበብ አይደለም። ያለፈ ዓመት ፈተና ፈልጉ፣ ሰዓት ያዙ፣ ተፈተኑ። ዝቅተኛ ውጤት ታመጣላችሁ። ይሁን። የምትፈልጉት ውጤቱን ሳይሆን የስህተቶቹን ዝርዝር ነው።

ለስህተት ብቻ የሚሆን አንድ ደብተር ግዙ። እያንዳንዱን የሳታችሁትን ጥያቄ ጻፉ፤ ከጎኑ ከነዚህ አራቱ አንዱን፦ አላውቀውም፣ ረሳሁት፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም፣ ሰዓት አለቀብኝ። እነዚህ አራት በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። «አላውቀውም» ካላችሁ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። «ረሳሁት» ከሆነ ድጋሚ ማንበብ ብዙ አይረዳም፤ ራስን መጠየቅ ነው የሚረዳው። «አላነበብኩም» ከሆነ ከእንግዲህ ጥያቄ ውስጥ ያሉትን «ኖት» እና «ኤክሴፕት» የሚሉ ቃላት ክበብ አድርጉባቸው። «ሰዓት አለቀ» ከሆነ ደግሞ በደቂቃ ተለማመዱ።

የዚያች ልጅ ደብተር በአንድ ወር ውስጥ ሲታይ ከስህተቷ ግማሽ ያህሉ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ዓይነት ነበር። ስለዚህ ባዮሎጂ መሸምደዱን ቀነስንላት። እናትየው መጀመሪያ ላይ አላመነችኝም። «ልጄን ከመጽሐፍ አስታርቂልኝ ብዬ አምጥቼ አንቺ አጣላሽልኝ» ብላ ሳቀች።

ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 100 ጥያቄ በ2 ሰዓት ቢሰጣችሁ ለአንዱ 72 ሰከንድ ይደርሰዋል። መልስ ማጥቆሪያውንና መገምገሚያውን ስትቀንሱ 60 ሰከንድ ገደማ። በ60 ሰከንድ ያልወጣ ጥያቄ ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል። ግትር አትሁኑ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቀላል ጥያቄ ሊጠብቃችሁ ይችላል። መመሪያው ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል የሚል ከሌለ ደግሞ ባዶ የምትተዉት ጥያቄ መኖር የለበትም።

ምን ይጠና?

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው የመማሪያ መጽሐፍ። አለቀ። ፎቶ ኮፒ ቤት በኪሎ የሚሸጠውን ሺት ሁሉ አትሰብስቡ። ቴሌግራም ላይ «የሕክምና መግቢያ ፈተና» እየተባለ የሚዞረው ኤምካት የሚሉት መጽሐፍም አለ። ኤምካት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለሚገቡ ነው። 230 ጥያቄ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ አብዛኛው ጥያቄ ረጅም ምንባብ ላይ ተመሥርቶ የሚጠየቅ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪም ይፈልጋል። ጎበዝ ልጅ ከፍቶ አይቶት «እኔ ምንም አላውቅም» ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። የእናንተ ፈተና አይደለም። ተዉት።

ባዮሎጂ ላይ ወጥመዱ የሚቀመጠው ሁላችሁም እርግጠኛ የሆናችሁበት ቦታ ነው። ደም ቅዳ ኦክስጅን ያለው ደም ይሸከማል ብላችሁ ሸምድዳችኋል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ግን ኦክስጅኑ የቀነሰ ደም ነው የሚሸከመው። ደም ቅዳ የተባለው ከልብ ስለሚያወጣ ነው እንጂ በኦክስጅኑ አይደለም። ትርጉሙን የያዘ አይሸወድም፤ ዝርዝሩን የሸመደደ ይሸወዳል።

ዘረ መል ላይም እንዲሁ። እናትና አባት ሁለቱም የአልቢኒዝም ዘረ መል ተሸካሚ ናቸው እንበል፤ በመልካቸው ግን አይታይም። አልቢኖ ያልሆነች ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ስንት ነው? አብዛኛው ልጅ «ግማሽ» ይላል። መልሱ ሁለት ሦስተኛ ነው። የእናትና የአባት ዘረ መል የሚጣመርባቸውን አራት ዕድሎች በአራት ሳጥን ብትጽፏቸው አንዱ አልቢኖ ነው፤ ልጅቷ አልቢኖ እንዳልሆነች ስለተነገረን እሱን እንሰርዘዋለን። ከቀሩት ሦስት ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው። ጥያቄው ውስጥ የተሰጠች አንዲት ትንሽ ቃል መልሱን ትቀይራለች።

ኬሚስትሪ ላይ ካልኩሌተር ስለማይፈቀድ ብዙዎቹ ጥያቄዎች በአሥር የሚሄዱ ናቸው። 10 ሚሊ ሊትር የሆነ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በውሃ ቀጥኖ 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን ጥንካሬው 0.1 ሞላር ይሆናል፤ ፒኤቹ ከ0 ወደ 1 ይወጣል። አሥር ጊዜ መቅጠን አንድ ፒኤች ነው። ይህን የያዘ ልጅ ብዙ ጥያቄ ያለ ወረቀት ይመልሳል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ሒሳብ ላይ አንድ ቧንቧ በርሜሉን በ6 ደቂቃ፣ ሌላው በ3 ደቂቃ ይሞላል፣ ሁለቱ አብረው ቢከፈቱ? 2 ደቂቃ። ፊዚክስ ላይ 6 ኦም እና 3 ኦም ጎን ለጎን ቢያያዙ? 2 ኦም። ሌንስ ላይ የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ዕቃው 15 ላይ ቢቆም ምስሉ የት ይወድቃል? 30 ላይ። ሦስቱም አንድ ሥራ ናቸው፤ አንድን ለየቁጥሩ እያካፈሉ መደመርና መቀነስ። ልጆቹ ግን በሦስት ደብተር ሦስት ጊዜ ይሸመድዱታል። ክፍልፋይ ላይ አንድ ሳምንት ብታጠፉ ሦስት ትምህርት ላይ ነጥብ ታገኛላችሁ። እኔን ብትጠይቁኝ ብዙ ልጅ ፊዚክስ የሚወድቀው በፊዚክስ ሳይሆን በ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ለጤና ትምህርት ቤት ሌላ የምወደው ልምምድ የመጠን ስሌት ነው። መድኃኒቱ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ ሕፃኑ 12 ኪሎ ነው፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። ስንት ሚሊ ሊትር? 180 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል፣ ያ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ፈተናው ላይ ባይመጣ እንኳ ነገ ሥራችሁ ይህ ነው።

አፕቲቲዩድ፦ «አይጠናም» የሚባለው

«አፕቲቲዩድ ተሰጥኦ ነው፣ አይጠናም» ይባላል። ሐሰት ነው። ጥያቄዎቹ ጥቂት ዓይነት ናቸው፤ ዓይነቱን የለመደ ይፈጥናል።

የቁጥር ተከታታይ ሲመጣ መጀመሪያ ልዩነቱን ጻፉ። 3፣ 6፣ 11፣ 18፣ 27 ካለ፣ ልዩነቶቹ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ናቸው፤ ቀጣዩ 11፣ መልሱ 38። ልዩነቱ ካልሠራ ማባዛቱን ሞክሩ። እሱም ካልሠራ አንድ እየዘለላችሁ እዩት፤ ሁለት ተከታታይ ተደባልቆ ሊሆን ይችላል።

በመቶኛ ደግሞ ሁልጊዜ 100 ብር ይዛችሁ ጀምሩ። ዋጋው 20 በመቶ ጨምሮ ከዚያ 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ቦታው አይመለስም፤ 120 ብር ይሆንና 96 ይሆናል። የመርካቶ ነጋዴ ይህን በእንቅልፉ ያውቀዋል።

የአመክንዮ ጥያቄ ላይ ክብ ሳሉ። «ነርሶች ሁሉ ክትባት ወስደዋል። ክትባት ከወሰዱት አንዳንዶቹ አስተማሪ ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ነርሶች አስተማሪ ናቸው።» እውነት ይመስላል፤ አይከተልም። ትልቅ ክብ ሳሉ፣ የነርሶቹን ክብ ውስጡ አስገቡ፤ የአስተማሪዎቹ ክብ ነርሶቹን ሳይነካ ትልቁን ሊነካ ይችላል። የምታውቁትን ዓለም አውጡና ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ እመኑ።

በቀን 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። ከዚያ አይብዛ፣ ግን አንድ ቀንም አይቋረጥ።

እንግሊዝኛ

እኛ ሰፈር ያሉ ልጆች አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ላይ ሲያስረዱ ማር ናቸው። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ላይ የሚሰናከሉት በሳይንሱ ሳይሆን በቋንቋው ነው። የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሳይንስ ቃላትን ሰባብራችሁ ያዙ። «ሄፓ» ጉበት ነው፣ «ኔፍሮ» ኩላሊት፣ «አይቲስ» ብግነት፣ «ሉኮ» ነጭ፣ «ኢሪትሮ» ቀይ፣ «ሳይት» ሕዋስ። ኔፍራይቲስ የሚለውን ባታውቁትም ትገምቱታላችሁ። ሁለተኛ፣ በቀን አንድ ገጽ የባዮሎጂ መጽሐፍ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ለእናታችሁ በራሳችሁ ቋንቋ ንገሯት። ከገባት ገብቷችኋል።

ከከተማው ዳር ሆኖ ማጥናት

የጥናት ምክር ሁሉ መሀል ከተማ ላለ ልጅ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ። የእኛ ነገር ሌላ ነው።

መንገድ አለ። ትምህርት ቤታችሁ ከቤት ሩቅ ከሆነ በቀን 2 እና 3 ሰዓት ታክሲ ሰልፍና መንገድ ላይ ያልቃል። ተገፍቶ ቆሞ በሚኬድበት ሃይገር ውስጥ መጽሐፍ አይከፈትም። ካርድ ግን ይያዛል። ወፍራም ወረቀት ቁረጡ፤ በአንድ ፊቱ ጥያቄ፣ በሌላው መልስ። ከስህተት ደብተሩ «ረሳሁት» ያላችሁትን ሁሉ ወደ ካርድ ቀይሩት። 30 ካርድ ኪስ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ያያችሁትን ነገ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሦስተኛው ሳምንት እዩት። ሰልፍ ላይ ወያላው «ኮዬ፣ ኮዬ» እስኪል አሥር ካርድ ያልቃል።

መብራት አለ፤ ማለቴ የለም። ፕሮግራማችሁን መብራት ላይ አትመሥርቱ። በስልክ የሚታይ ቪዲዮና ፒዲኤፍ መብራት ሲኖር አውርዱት፤ ማታ ኔትወርክም መብራትም አብረው ሲጠፉ በወረቀት የሚሠራ ሥራ ይኑራችሁ። ለኔ ምርጡ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ነው። ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ጭንቅላት ንጹሕ ነው። ውሃ የሚመጣበት ሌሊት ከሆነ ጄሪካኑን ደርድራችሁ እየተሞላ ታጠናላችሁ። ሁለት ሥራ በአንድ ንቃት።

ድንኳን አለ። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ምርቃት። ብሎካችን ሥር ስፒከር ከተተከለ ሦስት ቀን ነው። ቅሬታ የለኝም፤ እኔም አለሁበት። ያ ቀን ግን ከባድ ጥናት አይያዝ፤ የቆዩ ፈተናዎችን ማረም፣ ካርድ መጻፍ ያዙበት። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ቤተሰብ «ልጁ ፈተና አለበት» ብሎ ከእንግዳ ማስተናገድና ከመላላክ ነፃ ያድርገው። ሴት ልጅ ላይ በተለይ። ወንድሟ ያጠናል፣ እሷ ቡና ታፈላለች፤ ከዚያ ውጤት ሲመጣ «ወንዱ ይሻላል» ይባላል። አይ!

ቤተ መጻሕፍትስ? አራት ኪሎ ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የብዙ ልጅ መሸሸጊያ ሆኗል። ከኮዬ ግን ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይበላል። ለሁለት ሰዓት ጥናት አትሂዱ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥታችሁ፣ ምሳ ቋጥራችሁ፣ ሙሉ ፈተና ከነሰዓቱ ልትሠሩ ሂዱ። በየቀኑ የሚሆነው የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ነው። ርዕሰ መምህሩን ሦስት አራት ሆናችሁ ጠይቁት፤ ለብቻው የጠየቀ ልጅ ይመለሳል፣ በቡድን የመጣ ይሰማል።

አሥራ ሁለቱ ሳምንት

የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ትምህርት መፈተንና ደብተሩን መክፈት ነው። ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት በቀን ሁለት ትምህርት፤ አንዱ የምትወዱት፣ አንዱ የምትጠሉት። የምትጠሉትን ጠዋት። ከዘጠነኛው እስከ አሥራ አንደኛው በሳምንት ሁለት ሙሉ ፈተና፣ በተከታዩ ቀን እርማት ብቻ። እርማቱ ከፈተናው በላይ ጊዜ መውሰድ አለበት፤ ካልወሰደ አላረማችሁም። አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ካርድና እንቅልፍ።

«ፈተናው ወጥቷል!»

ፈተና ሲቃረብ ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናሉ እጃችን ላይ ነው፣ በቴሌብር ላኩ» የሚል ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናው በእርግጥ ሾልኮ ወጥቶ እንዲራዘም ተደርጓል። የኋላ ኋላ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲገቡ የተደረገውም ኩረጃን ለመከላከል ነው። ዛሬ የሚሸጡላችሁ የአምናውን ፈተና ሽፋኑን ቀይረው ነው። ብሩ ይሄዳል፤ ከብሩ በላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሌሊቶች በወሬ ይሄዳሉ። ከግሩፑ ውጡ።

ዋዜማውና ቀኑ

ከሳምንት በፊት ፈተናው የሚሰጥበት ቦታ ሂዱ። በፈተናው የሳምንት ቀን፣ በፈተናው ሰዓት። እሑድ ከኮዬ ሜክሲኮ የደረሳችሁበት ሰዓት ሰኞ አይሠራም። በሩ የትኛው እንደሆነ፣ ስልክ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ፈተናው በከተማው ሌላ ጫፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ እናንተ ኮዬ፣ ፈተናው ጉለሌ፣ ዋዜማውን እዚያ አካባቢ ዘመድ ቤት እደሩ። ዘመድ ከሌለ የክፍል ጓደኛ። ትራፊክ ላይ ተቀምጦ ሰዓት ከማየት አክስት ቤት መሬት ላይ መተኛት ይሻላል።

ሰኔና ሐምሌ ዝናብ ነው። የመፈተኛ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ትራንስክሪፕት፣ ፎቶግራፍ፤ ሁሉንም ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩን ቦርሳ ውስጥ። ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የእጅ ሰዓት ከተፈቀደ። ፈተናው በኮምፒዩተር ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ ማውዝ ልመዱ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ማውዝ ይዞ የማያውቅ ጎበዝ አለ።

ጠዋት የለመዳችሁትን ብሉ። እናት ስለ ፍቅር ብላ ክትፎ ብታቀርብ ለማታ አስቀምጡት።

ቃለ መጠይቅ ካለ

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግህ?» ሲባል ሁሉም «ሕዝቤን ለማገልገል» ይላል። ጠያቂዎቹ ይህን ከጠዋት ጀምሮ ሲሰሙ ውለዋል። ያያችሁትን ንገሯቸው። አያታችሁን ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ስትመላለሱ ምን ታዘባችሁ? የመድኃኒቱን አወሳሰድ ማን አስረዳቸው? የሰፈራችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ምን ስትሠራ አያችኋት? ከዚያ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ባይሳካልህስ?» «አይሆንም፣ ይሳካል» ብላችሁ አትገግሙ። ሁለተኛ ምርጫችሁ ላቦራቶሪ ወይም ሚድዋይፈሪ ከሆነ ለምን እንደሆነ አስቡበት። ሐኪም ብቻ ነው ጤና የሚሠራው ብሎ የሚያምን ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። እኛ የምንልከው ውጤት ከሌለ ሐኪሙም የሚያውቀው ግማሹን ነው። (ይህን ለማለት ስጠብቅ ነበር።)

ልብሳችሁን አስቀድማችሁ ተኩሱ፤ አዲስ መሆን የለበትም። ጠያቂዎቹን «እርስዎ» በሉ። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «አላውቀውም» በሉ፤ ታማሚ ፊት ደፍሮ የሚገምት ሰው ማንም አይፈልግም።

ከፈተና ስትወጡ

በር ላይ ቆማችሁ መልስ አታወዳድሩ። እዚያ የሚጮኸው ልጅ ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ነው። ታክሲ ያዙ፣ ቤት ግቡ፣ ተኙ። ማታ ስትነሱ የስህተት ደብተሩን ክፈቱና ያንገዳገዷችሁን ርዕሶች ብቻ ጻፉ፤ ዲያሊስስ፣ ሎጋሪዝም፣ ሌንስ፣ እንደዚያ። በሩ ጀርባ ከለጠፋችሁት ወረቀት ላይ የዛሬውን ፈተና ሰርዙና የሚቀጥለውን ቀንና ሰዓት እዩ። የእህቴ ልጅ በዓመቱ እንደገና ሲፈተን ከወረቀቱ ላይ «2፡30» የሚለውን በቀይ ሦስት ጊዜ አስምሮበት ነበር። በሩ ሳይከፈት 1 ሰዓት ላይ ደርሶ ጥበቃው ጋ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ።